«ሞንታርቦ» እና «ታኖይ»፦ ለሳሎን የተሠራ ድምፅ፣ ለገበያ የተሠራ ድምፅ

የታሸገ ውኃ ስንገዛ ፋብሪካው የትኛውም ይሁን «ሃይላንድ ስጠኝ» እንላለን። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሁሉ «ኦሞ» ነው። ባለ ሦስት እግሯም ታክሲ ማንም ይሥራት «ባጃጅ» ናት። በዚሁ መንገድ አማርኛ ውስጥ የገባ ሌላ ስም አለ፦ «ሞንታርቦ»። ሠርግ ላይ፣ ሰልፍ ላይ፣ መኪና ጣሪያ ላይ ሆኖ የሚጮኸው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ በብዙ ሰው አፍ ሞንታርቦ ነው። ሞንታርቦ ግን የአንድ የኢጣሊያ ድርጅት ስም ነው። ድርጅቱ በ1960ዎቹ የተቋቋመ ሲሆን የሚታወቀው በመድረክ አምፕሊፋየሮች፣ ሚክሰሮችና ስፒከሮች ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካላልኩ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሚገርመው፣ እንግሊዞችም ተመሳሳይ ቃል አላቸው። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ማስታወቂያ የሚነገርበትን ድምፅ ማጉያ «ታኖይ» ይሉታል። ታኖይም የአንድ አነስተኛ የለንደን ፋብሪካ ስም ነበር። ያው ፋብሪካ ደግሞ ዛሬ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ የሚፈልጓቸውን የሳሎን ስፒከሮች ሠርቷል። እንግዲህ አንድ ጥያቄ እናንሣ፦ ሳሎን ውስጥ «ምርጥ» የተባለ ስፒከር ነገሌ ቦረና ገበያ መሐል ቢቀመጥ ምርጥ ሆኖ ይቀጥላል? መልሱ ስለ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ጥራት ስለምንለው ነገርም ያስተምረናል።

ነገሩ የተጀመረው በባትሪ ነው

በ1920ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ሬዲዮ ያለው ሰው አንድ ራስ ምታት ነበረበት፦ ባትሪ። የዘመኑ ሬዲዮ የሚሠራው በባትሪ ነበር፤ ባትሪው ሲያልቅ ተሸክሞ ወደ ሚሞላበት ሱቅ መውሰድ ያስፈልጋል። ጋይ ፋውንቴን የተባለ ሰው በ1926 ለንደን ውስጥ ትንሽ ድርጅት አቋቋመና ከቤት ኤሌክትሪክ ባትሪ መሙላት የሚያስችል መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ተለዋዋጩን ጅረት ወደ ቀጥተኛ ጅረት ይቀይራል። የተሠራበት ብረት ታንታለምና የእርሳስ ውሕድ ነበር፤ «ታኖይ» የሚለው ስም የመጣውም ከእነዚህ ከሁለቱ ብረቶች የእንግሊዝኛ ስም ነው።

ቀጥሎ ድርጅቱ ወደ ድምፅ ማጉያ ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የታኖይ ማጉያዎች በእንግሊዝ የጦር አየር ማረፊያዎችና ካምፖች ትእዛዝ ያስተላልፉ ስለነበር ስሙ የሁሉም ማጉያ መጠሪያ ሆነ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1947 ደግሞ ታዋቂውን ባለ አንድ ማዕከል ስፒከር አወጣ፤ የቀጭኑ ድምፅ ምንጭ በወፍራሙ ድምፅ ሾጣጣ መሐል ተቀምጦ ሁለቱ ከአንድ ነጥብ እንደወጡ ሆነው ይሰማሉ።

በዚያው ዘመን ሌሎች ትናንሽ እንግሊዛዊ ፋብሪካዎችም ተነሡ። ጊልበርት ብሪግስ በ1932 ዮርክሻየር ውስጥ በቤቱ ምድር ቤት ስፒከር መሥራት ጀመረና ድርጅቱን በአካባቢው ሸለቆ ስም ዋርፍዴል አለው። ሃሮልድ ሊክ በ1945 «ፖይንት ዋን» የተባለ አምፕሊፋየር አወጣ፤ ስሙ የተዛባው ድምፅ ከጠቅላላው 0.1 በመቶ ብቻ መሆኑን ይናገራል። ፒተር ዎከር በ1936 ያቋቋመው ድርጅት መጀመሪያ የሠራው የሕዝብ ድምፅ ማጉያ ነበር፤ ኋላ ግን «ኳድ» በሚለው ስም የሳሎን አምፕሊፋየር ሠርቶ ስመ ጥር ሆነ። በ1953 የወጣው ኳድ ሁለት የሚሰጠው ኃይል 15 ዋት ብቻ ነው።

በ1954 ብሪግስና ዎከር ለንደን ውስጥ ሮያል ፌስቲቫል ሆል በተባለው ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽ አንድ ድፍረት የተሞላበት ትርኢት አሳዩ። ሙዚቀኞች መድረክ ላይ ይጫወታሉ፤ ከዚያ የዚያው ዓይነት ሙዚቃ ቅጂ በስፒከር ይሰማል፤ ታዳሚው ያወዳድራል። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ ማሽኑ ከእውነተኛው ድምፅ ምን ያህል ይርቃል? የእንግሊዝ ድምፅ መሐንዲሶች ለብዙ ዓመታት የደከሙለት ግብ ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ መጀመሪያ የተሟሉላቸው ነገሮች ነበሩ። ኤሌክትሪኩ ከግድግዳ ይመጣል። አድማጩ በ3 ሜትር ርቀት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው። እነዚህ ሁሉ ሲሟሉ የሚቀረው ጭንቀት ጥራት ብቻ ነው።

መኪና ውስጥ ያለው ስፒከርና መኪና ላይ ያለው ስፒከር

ከእንግሊዝ ስፒከሮች ሁሉ ለንጽጽር የሚመቸኝ «ኤል ኤስ 3/5 ኤ» የሚባለው ነው። የነደፉት በ1970ዎቹ የቢቢሲ መሐንዲሶች ናቸው፤ በፈቃድ ያመረቱት ደግሞ እንደ ሮጀርስ፣ ስፔንደርና ሃርበዝ ያሉ አነስተኛ ድርጅቶች። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተነደፈው ለስርጭት መኪና ነበር፤ ከስቱዲዮ ውጭ ሥርጭት ሲኖር ባለሙያው ጠባቧ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ድምፁን በትክክል እንዲሰማ። የሰው ድምፅ ላይ ያለው ትክክለኛነት እስከ ዛሬ ይደነቃል።

አሁን ወደ ሌላ መኪና እንሂድ። ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ነገሌ ቦረና፣ ወይም በያቤሎ፣ በዱብሉቅ፣ በሜጋ፣ በሞያሌ የምትዞር መኪና አስቡ። ጣሪያዋ ላይ ባለ ጥሩንባ ስፒከር ታስሯል፤ ውስጥ አንድ ሰው ማይክ ይዟል፤ የሚናገረው ስለ ክትባት ዘመቻ ወይም ስለ ስብሰባ ነው። ገበያው ሜዳ ላይ ነው፤ ግመሉ፣ ከብቱ፣ ፍየሉ፣ የጭነት መኪናው ሁሉ ይጮኻል። ሰሚው በ100 ወይም በ200 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ኃይሉ የሚመጣው ከግድግዳ አይደለም፤ ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ነው። ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ሳይደርሳቸው በፊት ብዙ የቆላ ከተሞች የሚያውቁት የናፍጣ ጄኔሬተርና ባትሪ ብቻ ነበር። የጋይ ፋውንቴን የባትሪ ጣጣ እዚህ አላለቀም ማለት ነው።

ሁለቱም ስፒከሮች ከመኪና ጋር የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ መኪና ውስጥ፣ ሌላው መኪና ላይ። እስቲ እናስላ።

ስሌቱ

መሐንዲሶች ስፒከርን ሲያወዳድሩ 1 ዋት ይሰጡትና በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ይለካሉ። የቢቢሲው ትንሽ ስፒከር በግምት 83 ዴሲቤል ያወጣል። የተለመደ ባለ ጥሩንባ ስፒከር ደግሞ 108 ገደማ። ልዩነቱ 25 ዴሲቤል ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ዴሲቤል ላይ እያንዳንዱ 10 ማለት ኃይል 10 ጊዜ ሲባዛ ነው። ስለዚህ 25 ዴሲቤል ማለት ከ300 ጊዜ በላይ ነው!

አሁን ሁለቱን ገበያ ላይ እናውጣቸው። ክፍት ሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ከ1 ሜትር ወደ 100 ሜትር ስንሄድ ቅናሹ 40 ይሆናል።

ለትንሹ ስፒከር የሚችለውን ያህል፣ ማለትም 25 ዋት ገደማ ብንሰጠው በ1 ሜትር 97 ዴሲቤል ያወጣል። በ100 ሜትር 57 ይቀራል። ይህ አጠገባችን ካለ ሰው ጋር በዝግታ ስናወራ ከሚሰማው ድምፅ ብዙም አይበልጥም፤ የገበያ ጫጫታ ይውጠዋል።

ለባለ ጥሩንባው 30 ዋት ብንሰጠው በ1 ሜትር 123፣ በ100 ሜትር 83፣ በ200 ሜትር 77 ዴሲቤል ይደርሳል። ከጫጫታው በላይ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ታዲያ ለትንሹ ስፒከር ብዙ ዋት እንስጠው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ከባለ ጥሩንባው እኩል ለመጮህ ወደ 9,500 ዋት ያስፈልገዋል። ከ12 ቮልት ባትሪ ያን ያህል ለመሳብ ጅረቱ 790 አምፔር ገደማ መሆን አለበት። ባትሪው ከማለቁ በፊት ግን ስፒከሩ ራሱ ይቃጠላል። በቃ፣ አይሆንም።

ጥሩንባው ምን ይሠራል?

ስፒከር ውስጥ የመዳብ ሽቦ ጥቅል በማግኔት መሐል ይንቀሳቀሳል፤ ሽቦው አንድ ስስ ሽፋን ይገፋል፤ ሽፋኑ አየሩን ይገፋል። ችግሩ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። ሽፋኑ ከባድ፣ አየሩ ቀላል ነው። አየር ላይ በጡጫ እንደመምታት ነው፤ ክንዳችሁ ይደክማል እንጂ የሚቋቋማችሁ ነገር የለም። ስለዚህ በተለመደው የሳሎን ስፒከር ውስጥ ከሚገባው ኤሌክትሪክ ድምፅ የሚሆነው በአብዛኛው ከ1 በመቶ አይበልጥም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

ጥሩንባ ይህን ያስታርቃል። ሽፋኑ የሚገፋው ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ያለውን አየር ነው። አየሩ የሚሸሽበት ቦታ ስለሌለው ይጨመቃል፤ ሽፋኑም የሚገፋው ነገር ያገኛል። ከዚያ ቱቦው ቀስ በቀስ እየሰፋ የተጨመቀውን ድምፅ ለሰፊው አየር ያስረክባል። በብስክሌት ማርሽ ብታስቡት ይቀላል፤ እግራችሁ ያው ነው፣ ማርሹ ግን ጉልበታችሁን ከመንገዱ ጋር ያስማማዋል። በዚህ ምክንያት የጥሩንባ ስፒከር ከኃይሉ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ወደ ድምፅ ሊለውጥ ይችላል። በተጨማሪ ድምፁን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰበስበዋል፤ ወደ ኋላና ወደ ሰማይ የሚባክነው ይቀንሳል። ሩቅ ሰው ስንጠራ ሁለት እጃችንን አፋችን ላይ የምናደርገው ለዚሁ ነው።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። ጥሩንባ ወፍራም ድምፅ እንዲያስተላልፍ የአፉ ዙሪያ ቢያንስ የድምፁን ሞገድ ርዝመት ያህል መሆን አለበት። የአፉ ስፋት 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥሩንባ ዙሪያው 1.57 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከ220 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ድምፅ በደንብ አይወጣም። የቤዝ ጊታር 50 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ 6.9 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እሱን ለማውጣት የጥሩንባው አፍ ከ2 ሜትር በላይ መስፋት አለበት። እንዲህ ያለ ጥሩንባ ማን መኪና ላይ ይሰቅላል? ለዚህ ነው ዘፈን በባለ ጥሩንባ ሲሰማ ቀጭንና «ቆርቆሮ ቆርቆሮ» የሚለው።

ንግግር ግን አይጎዳም። የመደበኛ ስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው፤ ቢሆንም እንግባባለን። ባለ ጥሩንባው የተወው ለመልእክቱ የማያስፈልገውን ነው። የለንደኑ መሐንዲስ «ድምፁ ተዛባ» ቢል አልተሳሳተም። መልእክቱን 200 ሜትር ርቃ የሰማችው እናትም «ጥሩ ማጉያ ነው» ብትል አልተሳሳተችም።

ቆላ ላይ ሰዓቱም ይቆጠራል

የቆላ ከተሞች ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል፦ ፀሐይ። ቀትር ላይ መሬቱ ስለሚግል ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ይሞቃል። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ፈጠን ስለሚል ጉዞው ወደ ላይ ይጠመዘዛል፤ ሩቅ ያለው ሰው ጭንቅላት ላይ ዘሎ ያልፋል። ሌሊትና ማለዳ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል፤ ድምፁ ወደ መሬት ይመለስና ሩቅ ይደርሳል። ንጋት ላይ የሚሰማ የጸሎት ድምፅ ከሩቅ ሰፈር ጥርት ብሎ የሚመጣው ጸጥታው ብቻ ረድቶት አይደለም፤ አየሩም ያግዘዋል።

ባትሪውን በተመለከተ ደግሞ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ትራንዚስተር ነው። የድሮዎቹ አምፕሊፋየሮች በመስተዋት ቱቦ የሚሠሩ ስለነበሩ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋሉ፤ ቱቦውን ማጋል ብቻውን ብዙ ኃይል ይበላል። ትራንዚስተር ግን በ12 ቮልት በቀጥታ ይሠራል፣ ለመጋልም ጊዜ አይፈልግም። ኳድ በ1967 «303» የተባለ ባለ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ሲያወጣ ለሳሎን አድማጭ ኃይሉ ወደ 45 ዋት አደገለት። ለቆላ ከተማ ግን ትርፉ ከዚህ ይበልጣል፤ ማጉያው ከግድግዳ ተላቆ መንገድ ላይ ወጣ።

ማን ይሰማል?

ድምፅ ማጉያ ገና ከልደቱ የሥልጣን መሣሪያ ነው። ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃም የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች በ1915 ካሊፎርኒያ ውስጥ ማግኔትና ሽቦን ከጥሩንባ ጋር አገናኝተው ማጉያ ሠሩ። በ1919 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በእነሱ መሣሪያ ሳን ዲዬጎ ስታዲየም ውስጥ ለብዙ ሺህ ሕዝብ ንግግር አደረገ። ከዚያ በኋላ ትልቅ ድምፅ ያለው ሰው መሆን ቀረ፤ ማይክ ያለው ሰው መሆን በቂ ሆነ።

ነገሌ ቦረናም በዚህ ረገድ የራሷ ታሪክ አላት። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈሩ ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር ተማርረው አመፁ። የውኃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ ነበር። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን ሌተና ጀኔራል ድረሴ ዱባለን ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትንና የሚጠጡትን አቀረቡላቸው። ከዋና ከተማው እንዲህ የራቀ ጦር ብሶት እዚያው ታፍኖ ሊቀር ይችል ነበር። ዜናው ግን በወታደራዊው የሬዲዮ መገናኛ ወደ ሌሎች ክፍሎች ደረሰና የ1966ቱ አብዮት ከተጀመረባቸው ክስተቶች አንዱ ሆነ። በዚያ ሬዲዮ የሚመጣ ድምፅ ጥራቱ ከሳሎን ሙዚቃ ጋር አይወዳደርም። ቃሉ መድረሱ ግን በቂ ነበር።

ማሽን የሌለበት መንገድም አለ። የቦረና ታላቅ ጉባኤ ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ ዛፍ ጥላ ሥር ሲሰበሰብ ብዙ ሺህ ሰው ይገኝበታል፤ ንግግር በተራና በሥርዓት ነው። በምህንድስና ቋንቋ ስናገረው፣ መልእክትን ለማሰማት ሁለት መንገድ አለ፦ ድምፁን መጨመር፣ ወይም ጫጫታውን መቀነስ። የገዳ ሥርዓት ሁለተኛውን መንገድ ከአምፕሊፋየር በፊት ያውቀዋል።

ዛሬ ከተሞቻችን ውስጥ የተጣላነው ከዚህ ነጥብ ጋር ነው። አንዱ ሱቅ ሞንታርቦውን ሲጨምር ጎረቤቱም ይጨምራል፤ በመጨረሻ ማንም አይሰማም፣ ጆሮ ግን ይጎዳል። ቅድም ያሰላነው ባለ ጥሩንባ በ10 ሜትር ርቀት 103 ዴሲቤል ነው። የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስትቆጥሩት 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ፣ 103 ላይ ደግሞ 7 ደቂቃ ተኩል ብቻ ይቀራል። ሠርግ ላይ ስፒከሩ ፊት ተደርድረው ለሚጨፍሩ ልጆች ይህ ቀልድ አይደለም፤ የሞተ የውስጥ ጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። ወደ ኋላ 10 ሜትር፣ ከዚያም 20፣ ከዚያም 40 ሜትር ራቁ፤ በእያንዳንዱ እጥፍ 6 ዴሲቤል ትተርፋላችሁ።

ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት

የእንግሊዞቹ ትናንሽ ፋብሪካዎች ታሪክ ዛሬ በዝርዝር የሚታወቀው ሰብሳቢዎች ስላሉ ነው። ኳድ ሁለትን የሚጠግኑ፣ የቢቢሲውን ስፒከር ተከታታይ ቁጥር የሚመዘግቡ ሰዎች አሉ። የእኛ ሞንታርቦዎች ግን ሲበላሹ ማግኔታቸው ይወጣል፣ የመዳብ ሽቦው ይሸጣል፣ የቀረው ለቆራሌው ይሰጣል። ስሙ ቋንቋችን ውስጥ ቀርቶ ዕቃው ይጠፋል ማለት ነው።

ስለዚህ አካባቢያችሁ ያለ የሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ጎራ በሉ። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ አምፕሊፋየር አይጠፋም። ባለቤቱን አስፈቅዱና ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፦ ማን ሠራው? ስንት ቮልት? ስንት ዋት? በ12 ቮልት እንዲሠራ ተነድፏል ወይስ ኋላ ላይ እዚሁ አገር ተቀይሮ ነው? ፎቶ አንሡት፣ መቼ እንደመጣና የት ይጮህ እንደነበር ጠጋኙን ጠይቃችሁ ጻፉት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከግድግዳ የሚሠራ አሮጌ አምፕሊፋየር ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ክዳኑን መክፈት ለጠጋኙ ተዉለት።